ስለ ጆን አዳምስ በማስተማሬ ከማኅበሬ ስለ መታገዴ

ሜልቦርን፣ ጁን 17 ቀን 2013

ለ«ኅብረት በምዕራብ» የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር
ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለክብርት ወ/ሮ ፈጡማ
ሆፐርስ ክሮሲንግ

ጉዳዩ፦ ሊቀመንበሩ አቶ አምሳሉ ለታ ያለ ጥፋቴ የጣሉብኝ የአንድ ዓመት እገዳ እንዲነሳልኝ ስለ መጠየቅ

ክብርት ሰብሳቢ፣

1. እኔ ዓለምጸሐይ ራጉኤል የስድሳ ሰባት ዓመት ጡረተኛ ነኝ። የምኖረው ኬንሲንግተን ሲሆን፣ የማኅበሩ አባል ከሆንሁ አሥራ አራት ዓመት ሞልቶኛል። አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበርሁ፤ እዚህ ደግሞ እስከ ጡረታዬ ድረስ በሕፃናት ማቆያ ሠርቻለሁ። ባለቤቴ ኢዮሲያስ ካረፈ በኋላ ከቤት መውጣት አቁሜ ነበር። የማኅበራችን መሥራችና የቀድሞ ሊቀመንበር ጋሼ ኃይለማርያም ቤቴ ድረስ መጥተው «በር ዘግቶ መቀመጥ ይብቃሽ፤ የምታውቂውን አስተምሪን» አሉኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ፣ ሁለት ባቡር እየቀያየርሁ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ሆፐርስ ክሮሲንግ ባለው የማኅበሩ አዳራሽ ታሪክ ሳስተምር ሦስት ዓመት ሆኖኛል። አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም።

2. የዘንድሮው ትምህርት ስለ መጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች እንዲሆን የተወሰነው ባለፈው ኖቬምበር ነው። ፕሮግራሙ በማኅበሩ ማኅተም ተረጋግጦ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በዚያን ጊዜ ጋሼ ኃይለማርያም ገና ሥልጣን አልለቀቁም ነበር፤ አቶ አምሳሉም እጩ አልነበሩም። እሳቸው የተመረጡት በፌብሩዋሪ ነው። ስለ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ስለ ጆን አዳምስ የማስተምርበት ተራ ሜይ ላይ መዋሉ የእኔ ተንኮል አይደለም። በኤፕሪል ስለ መጀመሪያው አስተማርሁ፤ ከአንድ በኋላ የሚመጣው ሁለት ስለሆነ ነው።

3. ሜይ 22 ቀን አቶ አምሳሉ ስልክ ደወሉልኝ። ተማሪዬ ሊና ፌስቡክ ላይ የለጠፈችውን ማስታወቂያ አይተው ኖሯል። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «እትዬ ዓለምጸሐይ፣ ሕዝብ የሚወደውን መሥራች የተካ፣ የገዛ ኮሚቴው የማይታዘዝለት፣ የሚተቹትን የሚቀጣ ሰው ማነው?» አሉኝ።

«ጆን አዳምስ ነዋ» አልኋቸው።

«እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹብኝ።

ኮሚቴያቸው እንደማይታዘዝላቸው እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር፤ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ቀጥለውም ርዕሱን ትቼ ስለ አውስትራሊያ ወርቅ ቆፋሪዎች እንዳስተምር አዘዙኝ። «የወርቅ ቆፋሪዎች ታሪክ ጥሩ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት አስተምረዋለሁ። የዘንድሮውን ግን አልለውጥም» አልኋቸው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

4. ቅዳሜ ሜይ 25 አዳራሹ ደጃፍ ስደርስ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ሠላሳ አንድ ሰው ዝናብ ውስጥ ቆሟል። ጋሼ ኃይለማርያም በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ከፊት ነበሩ። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ብርሀነ መኪናው ውስጥ ቁልፉን ይዞ ተቀምጦ ነበር። መስኮቱን ባንኳኳበት ትንሽ ዝቅ አድርጎ «ታዝዤ ነው እትዬ፣ አይፍረዱብኝ» አለኝ። ፈርጄበታለሁ፤ በዚህም ጽሑፍ እፈርድበታለሁ።

ሊና ነርሲንግ የምትማር የሃያ ዓመት ልጅ ናት። እዚያው ቆማ በስልኳ ኬንሲንግተን የምትኖርበትን ሕንፃ የነዋሪዎች መሰብሰቢያ ክፍል ቡክ አደረገች። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች በባቡርና በመኪና ተከተሉን፤ ትምህርቱንም እዚያ ሰጠሁ። ጉልበት የሌላቸው አሥራ ሁለት አረጋውያን፣ ጋሼ ኃይለማርያምም ጭምር፣ እንደረጠቡ ወደየቤታቸው ተመለሱ። የማኅበሩ አዳራሽ የተገኘው ለእነሱ ሲባል እንደነበር ኮሚቴው አይዘነጋውም።

5. ጁን 3 ቀን «የአባላትን አንድነት የሚያናጋ የፖለቲካ ንግግር» አድርገሻል የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ለአንድ ዓመት አዳራሹ እንዳልገባና ጁላይ 28 በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ እንዳልሰጥ ታግጃለሁ። የጠራኝም፣ የጠየቀኝም የለም። ደንባችን በአንቀጽ 12 አባል ቃሉን ሳይሰጥ አይቀጣም ይላል።

ክብርት ሰብሳቢ፣ በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቦርሳዬ ውስጥ በተገኘ አንድ ወረቀት የተነሳ አሥራ አራት ወር ታስሬያለሁ። ያሰሩኝ ሰዎች ቢያንስ ወረቀቱን አንብበውት ነበር። አቶ አምሳሉ ያገዱትን ንግግር አንድ መስመር አላነበቡም፤ ኬንሲንግተንም መጥተው አልሰሙም።

6. ቢመጡ ኖሮ የሚሰሙት ይህንን ነበር። በአዳምስ ዘመን መንግሥትን በጽሑፍ የሚያዋርዱ የሚታሰሩበት ሕግ ወጣ፤ ጋዜጠኞች ታሰሩ። አንድ የቬርሞንት የምክር ቤት አባልም ታስሮ ሳለ ሕዝቡ መልሶ መረጠው። ይህ የአዳምስ ነውር ነው ብያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ነገር ግን በንግግሬ ዘጠነኛ ገጽ ላይ ሌላም ነገር አለ። አዳምስ ከቀድሞው ፕሬዚዳንት የወረሷቸው ሚኒስትሮች የሚታዘዙት ለሌላ ሰው ነበር። ከገዛ ፓርቲያቸው ብዙዎች ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ፈለጉ። እሳቸው ግን ለእርቅ መልእክተኛ ላኩ፤ ሰላም ወረደ። ፓርቲያቸው ተከፈለ፤ ምርጫውንም ተሸነፉ። «ብቻውን ቀርቶ ትክክለኛውን ነገር የሠራ ሰው ነው» ብዬ አንብቤያለሁ። አቶ አምሳሉ ራሳቸውን በዚያ ሰው ውስጥ ካዩ፣ የሰደብኋቸው ሳይሆን ያከበርኋቸው እኔ ነበርሁ። አሁን ግን ያ ክብር ከልቤ ወጥቷል።

7. ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ኬንሲንግተን ስለ ሦስተኛው ፕሬዚዳንት አስተማርሁ። አርባ ሰው መጣ። ከእነሱ አራቱ የአቶ አምሳሉ የሥራ አስፈጻሚ አባላት ነበሩ፤ ከኋላ ተቀምጠው ማስታወሻ ይይዙ ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው የማስተምርበት ቦታ አጥቼ አይደለም። ሆፐርስ ክሮሲንግ የቀሩት አሥራ ሁለቱ አረጋውያን ሰሚ ስላጡ ነው።

በመሆኑም እገዳው ከጁላይ 28 በፊት እንዲነሳ፣ አዳራሹም በየወሩ ለትምህርቱ ቅዳሜ እንዲከፈት እጠይቃለሁ። አሥራ አንድ ገጽ ንግግሬን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ኮሚቴው ያንብበው። ከገጾቹ በአንዱ የአቶ አምሳሉን ስም ካገኛችሁ የአባልነት መታወቂያዬን በእጄ አምጥቼ አስረክባለሁ። ካላገኛችሁ ግን ይቅርታቸውን አልፈልግም። በጉባኤው ፊት ቆመው ዘጠነኛውን ገጽ በገዛ አፋቸው ያንብቡልን፤ እኔ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ እሰማቸዋለሁ።

ቁጣዬን ሳልደብቅ፣ ለኮሚቴው ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ዓለምጸሐይ ራጉኤል
(ፊርማ)
ኬንሲንግተን