ከተቀላቀለ በኋላ የተጨመረ መድኃኒት

ውድ ዱላባይ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚያ ስለሚጀመር ነው እንጂ ዛሬ ውድ ሆነህብኝ አይደለም። እህቴን ሻምሱን ናሃርን ካገባህበት ቀን ጀምሮ ዱላባይ፣ የእህቴ ባል፣ እያልኩ «እርስዎ» ስልህ ኖሬያለሁ። ዛሬ አንተ ነው የምልህ። ከፈለግህ ባለጌ በለኝ። ስልክ አታነሳም። በርህን ሳንኳኳ ደግሞ ዘበኛህ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ወደ መስጊድ ወጥተዋል» ይለኛል። መስጊዱ ውስጥ ማደር ጀመርክ እንዴ?

ልጅህ አሽፋክ ከሆስፒታል ወጥቶ እኔ ቤት ነው ያለው። ሁለት እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። እናቱ የሞተች ሰሞን እንዳጎረስኩት ዛሬም እኔ ነኝ ሩዝ የማጎርሰው። ጢም ያበቀለ የመርከብ መሐንዲስ በአክስቱ እጅ ሲበላ ማየት ምን እንደሚመስል መጥተህ ብታየው ጥሩ ነበር። ሐሙስ አጣሪ ኮሚቴው ፊት ይቀርባል። የሚሠራባት መርከብ ባሕር ላይ የቆመችው ተረኛው መሐንዲስ የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ በጊዜው ስላላጸዳ ነው እየተባለ ነው፤ ተረኛው ደግሞ እሱ ነበር። ጥፋተኛ ከተባለ የሙያ ፈቃዱን ይነጠቃል። ከዚያ በኋላ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሞተር እንኳ የሚያስነካው የለም። ይህን ሁሉ ታውቃለህ፤ እያወቅህ ዝም አልክ።

ረሳሁት እንዳትል ላስታውስህ። ካርናፉሊ ወንዝ ዳር ባለው የነዳጅ ዲፖ ውስጥ አንተ የቅልቅሉ ኃላፊ፣ እኔ የላቦራቶሪው ኬሚስት ሆነን አብረን ሸብተናል። ለመርከብ የምንሸጠው ናፍጣ ከሁለት ነገር እንደሚሠራ የዲፖው ድመት ሳትቀር ታውቃለች፤ አንዱ እንደ ሬንጅ የወፈረ ነው፣ ሌላው ድኝ የሌለበት ቀጭን። ለየብቻቸው ደኅና ናቸው። ሲገናኙ ግን ብዙ ጊዜ አይዋደዱም። ከወፍራሙ ውስጥ ጥቁሩ ነገር ይለይና ታንከሩ ሥር አተላ ሆኖ ይቀመጣል። መድኃኒት እያልን የምንጠራውን ነገር የምንጨምረው ለዚህ ነው፤ ጥቁሩን በትኖ ስለሚይዘው ናፍጣው ቢቀመጥም አይለያይም። ግን መድኃኒቱ ወፍራሙ ውስጥ መግባት ያለበት ቀጭኑ ከመምጣቱ በፊት ነው። አንዴ ከተለያየ በርሜል ሙሉ ቢያፈሱበት አይመለስም። ሎሚ ጠብ ያለበትና የተበላሸ ወተት ስኳር ስለጨመሩበት ይድናል? ይህን ትምህርት ቤት አልነገሩኝም። አንተ ነህ ያስተማርከኝ።

በኢድ ዋዜማ ሳምንት መድኃኒቱ ከወደቡ መጋዘን አልወጣ አለ። መርከቧ «ኑር ደሪያ» ናፍጣ ልትቀዳ ተራዋን ይዛ ቆማለች። አንተ ቀጭኑን ልቀቁት ብለህ አዘዝክ። እኔ ከላቦራቶሪ ሮጬ ወጣሁ።

«ዱላባይ፣ መድኃኒቱ ሳይመጣ አያስቀላቅሉ!»

«ነገ ይመጣል። ከላይ እናፈስበታለን።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው!»

ወደ ሠራተኞቹ ዞር ብለህ ፈገግ አልክ። «ሰማችሁ? ዋርሳዬ ባል ያጣችው ለዚህ ነው። ናፍጣና ናፍጣ እንኳ ሊጋቡ ሲሉ ልከልክል ትላለች!»

እነሱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በእኛ አገር ዱላባይና ዋርሳ ቢሰዳደቡ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ሠርግህ ላይ ጀምረን ስንቀላለድ ነው የኖርነው። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። አንተም አለመሳቄን አይተሃል።

በማግስቱ መድኃኒቱ መጣ። ከታንከሩ አናት አስገለበጥከው፣ ፓምፑን ጥቂት አስነሳህና «በቃ» አልክ። ናሙናውን ከላይ አስቀዳህ፤ መድኃኒቱ ከተንሳፈፈበት! እኔ ከታች ቀዳሁ። አንዷን ጠብታ ወረቀት ላይ ጥዬ ምድጃ ውስጥ አደረቅኋት። ደህና ናፍጣ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ይሰፋል። የዚያኛው ግን መሃሉ ላይ ጥቁር ዓይን አወጣ። ወረቀቱን ይዤ ወደብ ድረስ መጣሁ።

«ዱላባይ፣ ተለያይቷል። ይኸው ዓይኑ! ደግሞ አሽፋክ እኮ ነው በዚህች መርከብ የሚሄደው፤ የወለዱት ልጅ!»

«ታዲያ ለማን ብዬ የቸኮልኩ መሰለሽ?» አልከኝ። «ዛሬ ካልወጣች ለኢድ አትመለስም፤ ልጁ ኢድን ባሕር ላይ ሊውል ነው። የላዩ ናሙና ንጹሕ ነው፤ አታሟርቺ። ይልቅ ሂጂና ለኢዱ ጣፋጭ፣ ለሸማዩ፣ ወተት ግዢ። ልጁ ወተት ሲበዛበት ነው የሚወደው።»

ሠራተኞቹ ይህንንም ሰምተው ሳቁ። ቱቦው ተፈታ፣ መርከቧ ሄደች።

ኩቱብዲያ ደሴት አጠገብ ስትደርስ ነፋሱ ተነሣ። መርከቧ ስትናወጥ አተላው ከታች ተነሥቶ ፊልትሮውን ደፈነው። አሽፋክ አንዱን ሲያጸዳ ሌላው ይደፈናል፤ ያንን ሲያጸዳ የመጀመሪያው ይደፈናል። ሞተሩ ጠፋ። ማዕበሉ መርከብ ወደሚሰብረው የደለል ክምር ሲገፋቸው ልጅህ ፊልትሮው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አልቻለም። ሲከፍተው የፈላው ናፍጣ እጁ ላይ ተረጨ። በዚያ እጁ ነው መልሶ የገጠመው፤ ሞተሩን ያስነሣው፤ መርከቧ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ ከሞት ያወጣው። አሁን «ሰነፍ ነው» ይሉታል። አንተ ዲፖህ ውስጥ ተቀምጠህ ትሰማለህ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያልከኝን አልረሳውም። «ገና ወጣት ነው፣ ለጊዜው አግደው ይመልሱታል። እኔ አፌን ብከፍት ግን ዲፖው ይዘጋል። የስንቱ ቤት ጉሮሮ እንደሚዘጋ አስቢ እንጂ!» አልከኝ። የሰው ጉሮሮ ያሳሰበህ ዛሬ ነው? መርከቧ ላይ የነበሩትስ ጉሮሮ የላቸውም? ደግሞ ማንም አይመልሰውም፤ ይህንንም ታውቃለህ።

አጣሪው ሰውዬ ዲፖ መጥቶ «ያስጠነቀቀ ሰው ነበር ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሠራተኞቹ «ኧረ እነሱ ሁልጊዜ እንደተቀላለዱ ነው» አሉት። እነሱ ምስኪኖች ናቸው፤ የሰሙትን ነው የተናገሩት። አንተ ግን አጠገባቸው ቆመህ «ዋርሳዬ ቀልደኛ ናት» አልክ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፍህ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። የእህቴን ቤት ጨዋታ፣ ሙሽራ ሆና እያየችን እየሳቀች የጀመርነውን ጨዋታ፣ ለልጇ መቅበሪያ አደረግኸው። ተናድጃለሁ ማለት አይበቃም።

ልጁን ለኢድ ላድርስ ብለህ መቸኮልህን አልክድም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ተጣልቼህ፣ ተሳድቤ፣ አልቅሼ እታረቅህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ዝምታህ ግን ስሕተት አይደለም። በየቀኑ ጠዋት ተነሥተህ እንደገና የምታደርገው ነገር ነው።

ትናንት ምሳ ሳጎርሰው አሽፋክ «ኻላ፣ አክስቴ፣ አባቴ የኔ መርከብ መሆኗን ያውቅ ነበር?» አለኝ። ጥያቄው እንዲቀር ትልቅ ጉርሻ ሰጠሁት። አላመጠና ደግሞ ጠየቀኝ። እኔም እውነቱን ነገርኩት፤ «ያውቅ ነበር፤ ለኢድ እንድትደርስለት ብሎ ነው የቸኮለው» አልኩት። ይናደድልኛል፣ ስምህን ጠርቶ ራሱን ያድናል ብዬ ነበር። ልጁ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲመለስ «በቃ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። ለኔ ብሎ ነዋ!» አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በእናቱ ነፍስ አልኩት። ወይ ፍንክች!

የእምነት ቃሉን ለኮሚቴው ሠራተኛ ተናግሮ አጽፏል። የሚቀረው ፊርማ ነው። ጣቶቹ በፋሻ ስለታሰሩ ብዕር መያዝ አይችልም፤ የጣት አሻራም አይሆንለትም። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ከመግባቱ በፊት በእሱ ፈንታ የሚፈርም የቅርብ ዘመድ ይዞ እንዲመጣ ነግረውታል። እኔን ጠየቀኝ፣ እንቢ አልኩት። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ቀልደኛም ብትሉኝ፣ ያየሁትን እናገራለሁ።

አባቱ አንተ ነህ። መጥተህ በገዛ እጅህ ፈርምለት።

ሆስነ አራ
ፓቴንጋ