አገርህ የት ነው የተባለው ቃል

ካምብሪያ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.

ጆስ ልጄ፣

እኔም ጉልበቴም እንዳለን አለን። ፈርሚ ያልከኝ የእርሻው መሸጫ ወረቀት ደርሶኛል። ኒውዚላንድ መጥቼ ከእናንተ ጋር እንድኖር ማሰብህ ሆዴን አባባው። ወደሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን የልጅህ የታምሲን ጥያቄ ይቅደም።

መምህሯ ሄፍት የሚባል ቃል የለም አለቻት አይደል? ታዲያ አጥር ሳይከልላቸው ከገዛ ተራራቸው የማይወጡትን በጎች ምን ብለን ልንጠራቸው ነው? ነገሩ ከነከነኝና ሥሩን ሳላገኝ አልተወውም አልኩ። ጎረቤታችንን ዊልፍን ብጠይቀው፣ ክብደት ማለት ነው ብሎ ድርቅ አለ።

"ሰባ ዓመት አፍሽ ውስጥ ያደረውን ቃል ዛሬ አገርህ የት ነው ትይዋለሽ?" ብሎም ሳቀብኝ።

ይሳቅ። በአውቶቡስ ኬንዳል ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ትልቁን መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያው አስወረድኩ። ክብደት ማለት የሆነው ሄፍት በድምፅ ብቻ የሚመስለው ሌላ ቃል ነው። የእኛው ከሺህ ዓመት በፊት በጀልባ ከመጡት የሰሜን ሰዎች የተገኘ ነው፤ በእነሱ ቋንቋ፣ ለረጅም ዘመን በመያዝ የራስ የሆነ ነገር ማለት ነበር። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ፤ ሠራተኛዋ ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ።

የአፍተግር በሽታ የገባ ዓመት የመንግሥት ሰዎች እንዳይዛመት ብለው በጎቻችንን ሁሉ ገድለው ሲያቃጥሏቸው አይተሃል። በዚያው ዓመት ሄድክ፤ አልፈርድብህም። በምትካቸው የገዛናቸው ግን ተራራውን አያውቁትም ነበር። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱና እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ዝናብ ላይ ቆመን መለስናቸው፤ ግልገሎቹ ከእናቶቻቸው እስኪማሩ ድረስ። ያ ለሞት ያበቃው ሳል የያዘው እዚያ ነው። አሁን ብሸጥ በጎቹ እንደ ደንቡ ለገዢው ይቀራሉ፤ እነሱማ ከተራራው አይነሱም። የምነሳው እኔ ብቻ ነኝ።

አልነሳም፣ ጆስ። ወረቀቱን ሳልፈርም መልሼልሃለሁ። ጀርባው ላይ የቃሉን ታሪክ ለታምሲን ጽፌላታለሁ፤ ወስዳ ለመምህሯ ታሳያት።

ናፍቃችሁኛል፤ አልዋሽህም። አንድ ነገር ልለምንህ፦ እዚህ በጋ ሲሆን ልጅቷን ላክልኝ። ግልገል ተራራውን ለማወቅ አንድ በጋ ይበቃዋል፤ የሚያውቅ አጠገቡ ካለ። እኔ ደግሞ ገና አለሁ።

እግዜር ባሕሩን ያሳጥርልን።

እናትህ
ጄኔት ታይሰን