በቶርላይፍ በር ላይ ስለ ከረመችው የደረጃ እጥበት ካርድ

ለክቡር አቶ ኦድቫር ሚክለቡስት
የቁጥር አርባ አንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
በርገን፣ ኖርዌይ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ውሻዎና ተራራው ላይ ያለችው ጎጆዎ የዘንድሮውን የፋሲካ በረዶ በደኅና እንዳሳለፉ ተስፋ አደርጋለሁ። በዚህ አገር ሰውን በማዕረጉ መጥራት ማሾፍ ተደርጎ እንደሚቆጠር በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ኑሮዬ ተምሬያለሁ፤ ዛሬ ግን በስምዎ ብቻ ብጠራዎት የሚገባዎትን ያጎደልኩ ስለሚመስለኝ ይፍቀዱልኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፊት ለፊቴ ይኖር የነበረው የሰማንያ አንድ ዓመቱ ቶርላይፍ ሞቶ ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ስለ ከረመ ነው። ፖሊስ በሩን ሰብሮ ያወጣው ባለፈው ማክሰኞ ነው። በሕይወት ሳለ "አንቱ" ስለው ይቆጣ ስለነበር አሁንም አንተ እንዳልኩት እቀጥላለሁ። ለማኅበሩ ያለብኝን ምስጋና እንግዲህ በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ስለ ካርዷ አመሰግናለሁ። ደረጃ የማጠብ ተራ በደረሰው ሰው በር ላይ የምትንጠለጠለው ያቺ ካርድ ከቶርላይፍ በር ሳትነሣ አራት ሳምንት ሊሞላት ሲል፣ ማኅበራችን ዝም ብሎ አላየም፤ ሦስት ማስጠንቀቂያ በበሩ ሥር አስገብቷል። ሦስተኛው፣ ደረጃ አለማጠብ ጎረቤትን መናቅ እንደሆነ በጨዋ ቋንቋ ያስረዳል። ሟቹ መልስ ባለመስጠቱ ቅር እንዳይሰኙበት እለምናለሁ። ይህ ሰው ተራውን አንድም ቀን ዘሎ የማያውቅ፣ እንደ መርከብ ወለል ተንበርክኮ የሚወለውል የድሮ መርከበኛ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ሲያቆም ምን አገኘው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ምናልባት ለጥያቄው የሚሆን ቅጽ ስላልተዘጋጀ ይሆናል።

2. ስለ መልካም ግምታችሁም አመሰግናለሁ። የቤቱ መብራት እንደማይበራ ያየ ሁሉ "ጎጆው ሄዶ ነው" አለ። በፋሲካ ቤቱ የሌለ ሰው ተራራ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ብርቱካን ይልጣል እንጂ ሌላ ነገር ይሆናል ብሎ ማሰብ እዚህ ነውር ነው። ቶርላይፍ ጎጆውን ከሸጠ ስድስት ዓመቱ ነው። የገዙት እርስዎ ነዎት።

3. በሦስተኛው ሳምንት ደረጃው መሽተት ጀመረ። የዓሣ ትራፊ በቶሎ እንዲጣል የሚያሳስብ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በማግሥቱ የቦርዱ አባል ራግንሂልድ በሬን አንኳኳች፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። ዓይኗን ከጫማዋ ሳታነሣ "እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው... ያ ቅመምሽ ይሆን እንዴ? እኔ እንኳ ሽታውን እወደዋለሁ፤ ሌሎቹ ናቸው የሚያጉረመርሙት" አለችኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ። አዎን ክቡር ሆይ፣ በቶርላይፍ ሬሳ ሽታ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ድስቴን አስቀምጬ፣ መስኮቴን ከፍቼ፣ አራት ቀን ዳቦ በቡናማ አይብ እየበላሁ ሽታዬ እስኪለቅ ጠበቅሁ።

4. ይህችኛዋ ነጥብ ስለ ራሴ ናት። በመጣሁ ሰሞን አንድ ሳህን የምስር ወጥ ይዤ በሩን ባንኳኳ፣ ሰንሰለቱን ሳይፈታ በቀዳዳው አጮልቆ "ምንድን ነው? ሰው ሞተ እንዴ?" አለኝ። ራት እንደሆነ ስነግረው "እና እኔ ምን አደረግሁ?" ብሎ ሳህኑን ተቀበለ። የዚያ ሳምንት ሐሙስ የድንች ድቡልቡልና በጨው የታሸ የበግ ሥጋ በከረጢት አድርጎ በቤቴ በር እጀታ ላይ አንጠልጥሎልኝ ገባ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። በኋላ ከማኅበሩ፣ ያለ ቀጠሮ በር ማንኳኳት ነዋሪዎችን እንደሚያሳቅቅ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ እኔም ታዘዝኩ። ባለፈው ዓመት በበልጉ የጋራ ጽዳት ቀን፣ ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ እየበላን ሳለ፣ በነዋሪው ሁሉ ፊት "እሷማ እንደኛው ሆናለች" ብለው ማመስገንዎን አልረሳሁም።

እውነትዎን ነበር። ሥራዬ በአረጋውያን ቤት ሽማግሌዎችን ማጠብና ማጉረስ ነው። በእነዚያ ሃያ ስድስት ቀናት በቶርላይፍ በር ከሃምሳ ጊዜ በላይ አልፌያለሁ። ካርዷን አይቻለሁ። ያየሁ ጊዜ የተሰማኝ ተራው የእኔ ባለመሆኑ ደስታ ብቻ ነበር። በዚህ አፍራለሁ፤ እርስዎም አብረውኝ ቢያፍሩ ደስ ይለኛል።

ማንንም ላለመረበሽ ውኃ በቀስታ የምትከፍተው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትስቀው፣ የሰው እግር ኮቴ ስትሰማ ደረጃው ባዶ እስኪሆን ከበሯ ኋላ ቆማ የምትጠብቀው፣ ለክቡርነትዎ እጅግ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

ትርንጎ ደምሴ
ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ የአንደኛ ፎቋ ጎረቤታችን የቦርግኒ ጋዜጣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ በሯ ላይ እንደ ወደቀ ነው። ምናልባት ደኅና ናት፤ ምናልባት እንቅልፍ ላይ ናት፤ ምናልባትም እኔን ማየት አትፈልግም። ቢሆንም አሁኑኑ ወርጄ በሯን ልደበድብ ነው፤ ካልከፈተችም ሕንፃው እስኪሰማ እጮኻለሁ። እርስዎ እስከዚያ ድረስ በእኔ ላይ የሚጽፉትን የክስ ደብዳቤ ማርቀቅ ይጀምሩ።