ስለ ወንድሜ «መሻሻል» የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የድኅረ ምረቃ ሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትኖሩ እመኛለሁ፤ ይህን በስልክ መተግበሪያ ሳይሆን በራሴ ቃል ስለጠየቅሁ ለኋላ ቀርነቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እኔ ሸዋገነት የኮልፌ ነዋሪ ስሆን፣ ተማሪዎ አቶ አምላኩ የምርምር ዝንባሌው ዲጂታል የአእምሮ ጤና መሆኑን ገልጾ ለመመረቂያ ጥናቱ በተሳታፊነት የመዘገበው የቀዳማዊ እህት ነኝ። ቀዳማዊ ባለፈው ወር በገዛ እጁ ሕይወቱን አጥፍቷል። በጥናታችሁ ውስጥ ግን «ተሻሽለዋል» ከተባሉት አንዱ መሆኑን ስለሰማሁ፣ ቤተሰቡን ወክዬ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

1ኛ. ተማሪዎ ለወንድሜ ስልክ ሰጥቶ፣ በየማለዳው እንዴት እንዳደረ የሚጠይቅ መተግበሪያ ስለጫነለት እናመሰግናለን። ወንድሜም «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እያለ መልሷል። እኛ ሰፈር ገና ሲጠየቅ ደህና አይደለሁም የሚል ሰው የለም፤ ልጁን ቀብሮ የተመለሰም ተመስገን ይላል። ጠያቂው አረፍ ብሎ፣ ስለ ቤት ስለ ሥራው አውርቶ፣ ትንሽ ዝም ብሎ እንደገና ሲጠይቅ ነው የሆድ የሚወጣው። መተግበሪያው ግን የመጀመሪያውን መልስ ተቀብሎ ፈገግታ አሳይቶ ይዘጋል። ተማሪዎ እዚሁ ጎረቤታችን ጦር ኃይሎች ሰፈር ተወልዶ አድጎ ይህን አለማወቁ፣ ትምህርት ቤታችሁ ምን ያህል አጥቦ እንደሚያወጣ ያሳያል።

2ኛ. ወንድሜ ምግብ መብላት ሲያቆም ለተማሪዎ ደውዬ ነበር። ውጤቱ ጥሩ መሆኑንና በመሀል ጣልቃ ቢገባ ጥናቱ እንደሚበላሽበት በትሕትና አስረዳኝ። ጥናቱ አልተበላሸም፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

3ኛ. ስልኩ እስከ ዛሬ በየማለዳው ወንድሜን እንዴት እንዳደረ ይጠይቃል። በጮኸ ቁጥር እናቴ ትነሳለች። ከእናንተ ግቢ ስለ ልጇ የሚጠይቅ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ለማጥፋት አልደፈርኩም። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አሯል፤ በጨዋ ቃል የምጽፈው እርስዎን አክብሬ ሳይሆን እናቴን አፍሬ ነው።

ለጥናታችሁ ማማር አንድ ወንድሟን ያበረከተችና ሌላ የምትሰጠው የሌላት፣
አክባሪዎ ሸዋገነት

ማሳሰቢያ፦ ተማሪዎ ለጥናቱ የሰጠውን ስልክ እንድንመልስ በጽሑፍ ጠይቋል። ራሱ መጥቶ ይውሰድ፤ ለቅሶ ቤት ነውና እናቴ አጠገብ ተቀምጦ የሆዷን አውርታ እስክትጨርስ ይስማት። ይህ ካቃተው፣ ዲግሪውን ስትሰጡት ሥነ ልቦና የሚለውን አውጥታችሁ የስልክ ጥገና ብላችሁ ጻፉለት።