ዳልቻውን ስላልሸጥሁት

ብልባላ፣ ግንቦት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደኅና ነን፤ እናታችንም ጉልበቷ ተሽሏታል። ሰላምታዬን ያሳጠርሁት ወሬው አላስቀምጥ ስላለኝ ነው። አለሜ፣ ዳልቻውን ወይፈን ብታየው!

አስቀድሜ ግን ጥፋቴን ልናገር። ሁመራ ልትሄድ ስትነሳ በረቱ በር ላይ ቆመህ፣ «ቦራን አደልቢው፣ ዳልቻውን ሽጪው፤ ቁመት እንጂ ሥጋ የለውም» ብለኸኝ ነበር። እኔም «እሺ» አልሁህ። በሄድህ በአምስተኛው ወር የሸጥሁት ግን ቦራን ነው። በደብዳቤዬ ሁሉ «ወይፈኑ ደኅና ነው» እያልሁ የትኛው እንደሆነ ሳልነግርህ ቆየሁ። ፈርቼህ ነው። ደግሞም ከፍቶኝ ነበር፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ስለ ከብቱ አንድ ቀን እንኳ አማክረኸኝ አታውቅም።

ሁለቱንም ከጥጃነታቸው ጀምሮ የቀለብኋቸው እኔ ነኝ። ቦራ ገና በሁለት ዓመቱ ድቡልቡል ብሎ ላየው ሁሉ ያስጎመጅ ነበር። ግን ያበላሁት ሁሉ ስብ እየሆነ ቁመቱ ቆሞ ቀረ። ዳልቻው ደግሞ ቆዳው ተንጠልጥሎበት፣ የጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ፣ እግሩ ይረዝማል። የግብርና ሠራተኛዋን ዓይናዲስን ብጠይቃት፣

«አጭሩ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ያቆማል። ረጅሙ መጀመሪያ አጥንቱን ይሠራል፣ ከዚያ ሥጋውን፤ ስቡ በመጨረሻ ነው የሚመጣ። ትዕግሥት ካለሽ እሱን ያዥ» አለችኝ። ደረቱን በየወሩ በገመድ እየለኩ ልኩ ላይ መቋጠርም አሳየችኝ።

ያን ክረምት ብታየኝ ታዝንልኝ ነበር። ገመዱ ለሦስት ወር ከመጀመሪያው ቋጠሮ ንቅንቅ አላለም። ጎረቤታችን አያ ገብረመስቀል በአጥሩ ላይ ብቅ እያሉ፣ «አንቺ ልጅ፣ አጥንት ነው እንዴ የምትቀልቢው?» ይሉኝ ነበር። ድርቆሹን እንዳቀፍሁ ያለቀስሁበት ቀን አለ። ቦራን መሸጤ እንደ እሳት ያቃጥለኝ ጀመር።

ከጥቅምት ወዲህ ግን፣ አለሜ! ቋጠሮውን በአንድ ጣት አለፈው፤ በሁለት ጣት፤ በስንዝር! ሻኛው ተቆለለ፣ ጀርባው ተንጣለለ፣ ታፋው ሞላ። አሁን በረት ሲገባ ትከሻው መቃኑን ይታከካል።

ለፋሲካ ገበያ አወጣሁት። ጣሃ የሚባል የጋሸና ከብት ነጋዴ ጀርባውን ዳሰሰ፤ ፍሪምባውን ጨበጠ፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እታለም፣ እኔ የምገዛው ለቢላ ነው» አለኝ። «ይሄ ወላሂ ገና አላለቀም፤ ገና ያድጋል። እንዲህ ያለ አጥንት አይታረድም፤ ይወለድለት እንጂ። ልጆቹ ሲደርሱ ለኔ ትሸጭልኛለሽ።»

ገበያው ሁሉ ሰምቶት ኖሮ፣ በማግስቱ ላማቸውን እየነዱ በራችን ላይ የቆሙት አያ ገብረመስቀል ናቸው! አፍረው መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ላም መጥቶለታል።

አለሜ፣ ቃሌን ስላጠፍሁ ይቅር በለኝ። ዳልቻውን ስላስቀረሁ ግን ይቅርታ አልልህም። ከተቆጣህም ተቆጥተህ ጻፍልኝ፤ ብቻ የፊታችን ሐሙስ ቤት አታገኘኝም። አምስት ገበሬዎች አስከትዬ፣ ወይፈን ልመርጥላቸው ፍላቂት ገበያ እሄዳለሁ።

የምትወድህ እህትህ
ሽታዬ