አምስተኛው ኬላ

ጥቅምት 12
ብርዱ ገብቷል። ጓሳ ላይ፣ በጋራ የምንጠብቀው የሣር መሬት ላይ፣ አምስተኛ ኬላ ተከፈተ፤ ሣሩ ሳይፈቀድ እየታጨደ አስቸገረ። ጠባቂው ወንድሜ መሳፍንት። ጠባቂዎቹ ማታ ማታ ኬላቸው ሲገቡ በስልክ ምልክት ይልካሉ፤ ያልላከ ካለ የእኔ ፕሮግራም ይጮኻል። አዲሱን ኬላ የኬላዎቹ ዝርዝር ያለበት ማዋቀሪያ ፋይል ላይ ጨመርኩት። ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ላድርገው፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ልቀይረው እንዴ? ምን ያደርጋል... ሻይ ይሻለኛል።

ጥቅምት 15
ጉም። ማዶ ያለው ቤት እንኳ አይታይም። እየሩስ ደወለች፣ የመሳፍንት ሚስት።
«ሂሉ፣ ገባ? ስልኩ እምቢ አለኝ።»
«ሁሉም ገብተዋል ይላል። ባትሪው አልቆ ይሆናል። ተኚ።»

ጥቅምት 16
አልገባም። ፈረሱ ብቻውን መጣ።
ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። «ሁሉም ገብተዋል።» ማነው ሁሉም?
ፕሮግራሙ የራሱን መዋቅር አይቶ ኬላዎቹን በየተራ ያዳርሳል፤ ሪፍሌክሽን የሚሉት። ግን ሉፑ፣ ኬላዎቹን የሚያዳርሰው ዙር፣ ተዘርግቶ ያለቀው ኮምፓይል ሲደረግ ነው። ያኔ የነበሩትን አራቱን ይዞ ቀረ። በኋላ የመጣውን ከየት ይወቀው?
ተኚ ያልኳት እኔ ነኝ። ፈላጊ ሳይወጣ ያደረው በእኔ ቃል ነው። በዚህ ውርጭ! እግዚኦ...

ጥቅምት 17
ትናንት ወደ ማታ ተገኘ። በሕይወት! ፈረሱ ጥሎት እግሩ ተሰብሯል።
«የታገደውን ሣር አጭጄ ለብሼ አደርኩ፤ ትከሱኛላችሁ?» አለ። እሱ ሳቀ። እየሩስ ዞር ብላም አላየችኝ።

ጥቅምት 24
ሉፑ አሁን የሚዞረው ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ነው፤ በየማታው ፋይሉን እንደ አዲስ ያነባል። ማንቂያው እየሩስ ስልክ ላይም ይጮኻል። ደጋግሜ ሞከርኩት። ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው እንግዲህ...
የጥበቃ ተራ በቤት ነው፤ አንዱ ቢታመም ከቤተሰቡ ሌላ ይተካል። እየሩስ ነፍሰ ጡር ናት። እኔ እወጣለሁ አልኩ። የጠባቂዎቹ አለቃ ጋሽ ጫኔ አፈጠጡብኝ።
«አንቺ? ብርዱን ትችይዋለሽ?»
«አንድ ማታ ምልክት ሳልልክ እቀራለሁ፣ ጋሽ ጫኔ። ቀኑን አልነግርዎትም።»
«ለምን ሲባል?»
«ማንቂያውን ሌላ ሰው ላይ ከምሞክረው ራሴ ላይ ብዬ ነው።»
«እሺ ልጄ» አሉ።

ኅዳር 2
አምስተኛው ኬላ። ጉሙ ወርዷል። ሰዓቱ አለፈ፤ አልላክሁም።
ነፋሱ ብቻ። ዛሬም ባይጮኽስ? መሳፍንት እንዲህ ሲጠብቅ ነው ያደረው? ማንም እንደማይመጣ ሳያውቅ...
ስልኬ ጮኸ። እየሩስ። ካኮረፈችኝ ወዲህ ደውላልኝ አታውቅም።
«አልገባችም ይላል! የት ነሽ? ሰው ላስወጣ ነው እኮ! ሂሉ?»
«አለሁ» አልኳት።