ለአባባ ደረት የሚሆን ከተማ

የካቲት 2፣ እሁድ

በረንዳውን ሁለቴ ጠረግሁ። ነፋሱ ሁለቴ መለሰው። ሦስተኛውን ትቼዋለሁ። ደብተር፣ ገጽሽ ላይ ያለው አቧራ የናዝሬት ነው፤ የኔ ስንፍና አይደለም።

ዛሬ ት/ቤት የለም፤ ኮሚቴ ግን አለ። አዎ፣ ቤታችን ውስጥ። አባባን፣ የእማዬን አባት፣ አቧራው ደረቱን እየጨረሰው ነው። ሐኪሙ ከአቧራ ራቅ ይበል ብሏል። በዚያ ላይ ሰሞኑን መሬቱ ነዘር ነዘር እያለ የቡፌውን ብርጭቆ ያንጫጫል። ስለዚህ ለአባባ ደህና ከተማ ይፈለግ ተባለ። ሊ/መንበር፦ ጋሼ ታምሩ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሊ/መንበር የሚሆንበት ነገር አጥቶ ሲቸገር ነበር። አባላት፦ እማዬና አባዬ። ጸሐፊ፦ እኔ፤ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ። መስፈርቱ አየር፣ መዝናኛ፣ የአደጋ ስጋት። ነጥቡ ከአሥር።

አባባ አልተጠየቀም። እንዳይከፋው ነው አሉ። እሱ በመስኮቱ ማዶ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል፤ እነሱ አይሰማም ብለው ይጮሃሉ። አባባ እኮ የማይሰማው «መድኃኒትህን ውሰድ» ሲባል ብቻ ነው።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ

የተለመደው። በራችን ላይ ኒም ዛፍ፣ ከሥሩ ዳማ። የቢራ ቆርኪው የአባባ፣ የለስላሳው የኦቦ ገመቹ። ኦቦ ገመቹ ከመንገዱ ማዶ ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያው። አባባን አንተ እላለሁ፣ እሳቸውን አንቱ። ዳማ ላይ ግን ሁለቱም የሰፈር ውሪ ናቸው።

ጠዋት እሳቸው «አካም ቡልቴ?» ይላሉ፤ አባባ «ልትሸነፍ መጣህ?» ይላል። ሰላምታቸው ይቺ ናት።

ዛሬ አባባ ሦስት ቆርኪ በአንዴ በላ። ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። ረጅም ሳል። ኦቦ ገመቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሌዳውን የሚያጠኑ መሰሉ። ሲያልፍለት ቀና ብለው፦

«ስታጭበረብር እኮ ነው የሚያፍንህ!»

ሁለቱ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ጋሼ ታምሩ መቂን ሐሙስ ዕለት ብቻውን ገምግሞ መጥቷል። ምሳ ቤት ቬንቲሌተር ሥር ቁጭ ብሎ፣ አየሩን «ነፋሻማ» ብሎ አስጻፈኝ። ዘጠኝ! እማዬ ስለ ትንኙ ጠየቀችው። ወደ አራት ወረደ። ኩየራም ተነሥታ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ጸጥ ያለች፣ ግን በሯን የምናንኳኳው ዘመድ የለንም። ወደቀች።

ዛሬ ሁላችንም ሁሩታ። የእማዬ እኅት እትዬ አልማዝ እዚያ ናት። ጾም ሊገባ ስለሆነ ኮሚቴው ከአየሩ በፊት ጥብሱን ገመገመ። ጋሼ ታምሩ አጥንቱን እየጋጠ፦ መዝናኛ ዘጠኝ፣ ጻፊ።

አንቺን አልዋሽሽም። ልጠላት ነበር የሄድሁት። አልቻልሁም። ቀዝቀዝ ያለች፣ አቧራዋ ትንሽ፤ ከእትዬ አልማዝ ጓሮ የታጨደ ስንዴ ማሳ ይታያል። አየሩን ስስብ እስከ ሆዴ ወረደ። አባባ ይኼን አንድ ቀን ቢስበው አልሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በሽንኩርት አሳበብሁ።

እጄን አወጣሁ። ዳማ ከማን ጋር ይጫወታል?

«ጸሐፊ ትጽፋለች እንጂ አትናገርም» አለ ሊ/መንበሩ። «ደግሞ ቴሌቪዥን አለ።»

ጻፍሁ፦ ቴሌቪዥን አለ።

የካቲት 9፣ እሁድ

ዛሬ ጽሕፈቴ አይነበብም፤ ይቅር በይኝ።

የስብሰባው አጀንዳ የአደጋ ስጋት ነበር። ጋሼ ታምሩ ቆሞ ያስረዳል፦ መረጋጋት፣ አለመሯሯጥ፣ አዛውንትን ማስቀደም። «ማስቀደም» የሚለውን ጽፌ ሳልጨርስ ብርጭቆዎቹ መንጫጫት ጀመሩ። ሊ/መንበሩ በሩን እንዴት እንዳለፈው አላየሁም፤ አንድ ጫማው ብቻ ቀረ። አባዬ እኔን ይጎትታል፣ እማዬ ማርያምን ትጠራለች። ግቢ ወጣን። መንቀጥቀጡ ቆመ። ትንሽ ነበር።

ከዚያ እማዬ ጮኸች፦ አባባስ!

ተንደርድረን ወደ ኋላ ክፍሉ ስንገባ ኦቦ ገመቹ ደርሰዋል። ከማዶ፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ በጓሮ በር። አባባን ብብቱን ይዘው ሊያወጡት ይታገላሉ፤ እሱ ደግሞ ኮፍያዬን ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም ብሎ ይጨቃጨቃል። ለዚህ ነጥብ አልተሰጠም።

ሻይ ተጠጥቶ ልብ ሲመለስ ውሳኔው ተሰጠ። ሁሩታ። በሚቀጥለው እሁድ።

ማን ይንገረው? ሁሉም ጣሪያ አየ። አባትን ፊት ለፊት ከቤት ሂድ ማለት ነውር ነው፤ ሽማግሌ ይላካል። ጋሼ ታምሩ ጫማውን እያሰረ፦ «ኦቦ ገመቹ ይላኩ። እሳቸውን ይሰማል።»

ጻፍሁት። አባባን ከኒሙ ሥር እንዲያስነሡት የተላኩት፣ ከኒሙ ሥር ብቻቸውን የሚቀሩት ሰውዬ ናቸው። ኮሚቴው ይኼ አልታየውም።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

መጡ። ኮት ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው። ኒሙ ሥር ሳይሆን ሳሎን፣ ሶፋው ጫፍ ላይ። ሌሎቹ ጓዳ ገብተው በር ላይ ጆሮ ደቀኑ። እኔ ሻይ ይዤ ገባሁና ሳሎን ቀረሁ።

አባባ ኮቱን አየና፦ «ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ልጄን ለትዳር ልትጠይቅ እንዳይሆን፤ የቀረችኝ የልጅ ልጄ ናት፣ እሷም አፏ አይቻልም።»

ኦቦ ገመቹ ስለ ነፋሱ አወሩ። ስለ ቲማቲም አወሩ። ሻዩ ቀዘቀዘ። አባባ ዳማውን አምጪ አለኝ።

ተጫወቱ። ኦቦ ገመቹ አንዱን ቆርኪ አስበሉ። ሌላውን አስበሉ። አፉ ሥር እየወሰዱ ያስቀምጡለታል። አባባ እጁን ሰበሰበ።

«ገመቹ። በሕይወትህ ለቀኸኝ አታውቅም። ልትሸኘኝ ነው የመጣኸው።»

ኦቦ ገመቹ ሰሌዳውን አስተካከሉ።

«በመስኮቱ ሰምቻለሁ። እነሱ ይጮሃሉ፣ እኔ እሰማለሁ። አንተ ምን ትላለህ?»

ኦቦ ገመቹ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አስተኙ። ከዚያ ቀስ ብለው፦

«ስታስል ከመንገዱ ማዶ ይሰማኛል። እስክትጨርስ እኔም አልተነፍስም። ሂድልኝ።»

ትሪውን ይዤ ወጣሁ። ጓዳ ውስጥ ጋሼ ታምሩ በነጠላ ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። የእማዬ ነጠላ።

በኋላ ሽማግሌው መልሱን ለኮሚቴው አደረሱ። አባባ ይሄዳል። ግን እስከ ክረምት፤ ዝናቡ አቧራውን ሲያስተኛው ይመለሳል፣ ማንም እንዳይከራከረው። ሁለተኛ፣ ኒሙ ሥር ያለው ቦታው ባዶ አይውልም፤ ወኪሉ እኔ ነኝ። ጋሼ ታምሩ ድምፅ ይሰጥበት ሊል አፉን ከፈተ። እማዬ አየችው። ዘጋው።

የካቲት 16፣ እሁድ

ሄደ። ቢራ ቆርኪዎቹን በኮፍያው ይዞ። ኦቦ ገመቹ መኪናው እስኪታጠፍ ኒሙ ሥር ቆሙ። ከዚያም ቆሙ።

የኋላ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ሳል ይናፍቃል እንዴ? ምን ዓይነት ነገር ነው።

የካቲት 17፣ ሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ

ኒሙ ሥር ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ሰሌዳው ጉልበቴ ላይ፤ አባባ በወሰዳቸው ፋንታ ሌላ የቢራ ቆርኪ ለቅሜለታለሁ። አባባ ሁሩታ ሌላ ሰሌዳ ዘርግቷል፤ በስልክ ያዘኛል፣ እኔ አንቀሳቅስለታለሁ። ክረምት እስኪገባ በየቀኑ ከት/ቤት መልስ እዚሁ ነኝ፤ ወስኛለሁ። ጓደኞቼ ሙድ ይያዙ።

ስልኩ ስፒከር ላይ ነው። መጀመሪያ ሳሉን ጠበቅሁ። ኦቦ ገመቹም፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። አልመጣም። ስድብ ብቻ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፦ ያ አጭበርባሪ ቁጭ አለ ወይ? ቆርኪዬን አደራ!

ኦቦ ገመቹ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ዓይናቸውን በጋቢ ጠረጉ። አሁን ደግሞ ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ አባባ ቆርኪ... ኧረ ኦቦ! ይመልሱት! አባባ፣ እየሰረቁህ